አባባ ተስፋዬ ዝም ሲሉ

እናንተ ሰዎች፣ ገባኝ! ቁጭ በሉና ስሙኝ። ቡናው ይፍላ፣ ማንጎውም ይላጥ፤ እኔ ግን ይህን ሳልነግራችሁ ወደ ቤቴ አልገባም። አባባ ተስፋዬ ያን ሁሉ ልጅ ከቴሌቪዥን ሳጥን ውስጥ ሆነው እንዴት አድርገው እንደያዙት ደርሼበታለሁ። ምስጢሩ ተረቱ አይደለም። ያ ሁላችን የምናደንቀው የእጅ አስማትም አይደለም። ምስጢሩ ያለው ዝም የሚሉበት ቦታ ላይ ነው!

ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምር፤ ነገሩ የሚጥመው በየተራ ሲመጣ ነው። ስለ ቴአትር ምንም የማያውቅ ሰው ካለ በፊት ለፊት ይቀመጥ፣ ለሱ ነው የማወራው።

ቴአትር ላይ ሁለት ዓይነት ተዋናይ አለ እንበል። አንደኛው መሪው ነው፤ ንጉሡ፣ ጀግናው፣ አፍቃሪው። ፖስተር ላይ ፊቱ ጎልቶ የሚለጠፈው፣ መጨረሻ ላይ ወይ የሚሞተው ወይ የሚያገባው እሱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በር የሚከፍተው አሽከር፣ ወሬ የምታመላልሰዋ ጎረቤት፣ ደብዳቤ ይዞ እያለከለከ የሚገባው መልእክተኛ ነው። ዛሬ ዳኛ፣ ነገ ሰካራም፣ ከነገ ወዲያ አሮጊት ይሆናል። ስሙ ላይያዝላችሁ ይችላል፤ ፊቱን ስታዩ ግን «ውይ፣ ያ ሰውዬ!» ትላላችሁ። ደጋፊ ተዋናይ የሚሉት እሱን ነው። የዛሬው ወሬዬ ስለዚህኛው ነው።

«ሁለት ቃል ተናግሮ ለሚወጣ ሰው ደግሞ ምን ምስጢር አለው?» የሚል ካለ ወደ ዋዛው ልውሰደው። እዚሁ አሶሳ በርታዎቹ ሲጫወቱት አይታችኋል። ከቅል የተሠሩ መለከቶች ናቸው፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ነፊዎቹ ተከታትለው እየተራመዱ ይነፏቸዋል። አሁን ልብ በሉ፤ እያንዳንዱ ዋዛ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አንድ! ወፍራሙ «ቡ» ካለ ከ«ቡ» ሌላ አያውቅም፤ ቀጭኑም «ቲ» ካለ አበቃ። ዜማውን ብቻውን ሊጫወት የሚችል ሰው ከመካከላቸው የለም። ታዲያ ያ ሰውን ከተቀመጠበት የሚያስነሳ ዜማ ከየት ይመጣል? አንዱ ተራው ሲደርስ ነፍቶ ዝም ይላል፣ በሱ ዝምታ ውስጥ ሌላው ይገባል፣ በዚያኛው ዝምታ ውስጥ ሦስተኛው። ዜማው ከሰው ወደ ሰው እየዘለለ ይሄዳል። አንዱ ቸኩሎ ቢገባ ወይም ድምፁን ትንሽ ቢያስረዝም የጎረቤቱን ቦታ ዘጋበት ማለት ነው። አንዱ ደግሞ ጭራሽ ቢቀር ዜማው ላይ ቀዳዳ ይወጣል፤ ዋዛ ነፍቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ያ ቀዳዳ ጆሮውን ይቆረቁረዋል።

ደጋፊ ተዋናይ ማለት ይኸው ነው! አንድ ድምፅ ተሰጥቶታል። ሙያው በልኩ መግባት፣ በልኩ መውጣት፣ በመካከሉ ደግሞ ለሌላው ቦታ መተው ነው። መሪው ተዋናይ ሲያለቅስ ጎኑ የቆመው አሽከር ምን እንደሚያደርግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጥሩ ከሆነ ምንም አያደርግም። ይሰማል። እናንተም አዳራሽ ውስጥ ሆናችሁ የሚሰማውን ሰው እያያችሁ ነው ልቅሶው እውነት መሆኑን የምታምኑት። እስቲ የሚቀጥለውን ድራማ ስታዩ ዓይናችሁን ከሚናገረው ላይ አንሡና የሚሰማው ላይ አድርጉ። ሌላ ድራማ ነው የምታዩት!

እዚህ ላይ አንድ ፈረንጅ ላስገባ፤ አትቆጡ፣ አጭር ነው። ጎርደን ጃክሰን የሚባል የስኮትላንድ ሰው ነበር፤ ግላስጎ የተወለደ፣ በወጣትነቱ ሮልስ ሮይስ ፋብሪካ ውስጥ ንድፍ ይሥል የነበረ። ይህ ሰው አብዛኛውን ዕድሜውን የሰው ጎን ላይ ቆሞ የኖረ ተዋናይ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ «ሐምሌት» ሲታይ የተሰጠው ክፍል የሐምሌት አልነበረም፤ የሐምሌት ወዳጅ የሆሬሺዮ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን ያነበበ ሰው ያውቀዋል፤ ሆሬሺዮ ማለት ሌላው እየተናገረ እሱ የሚሰማ ሰው ነው። በኋላ ደግሞ ከ1971 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. በታየ የእንግሊዝ ተከታታይ ድራማ ላይ የአንድ ባለጸጋ ቤት አጋፋሪ ሆኖ ተጫወተ። ሐድሰን ይባላል። ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ጌቶቹ ሲጣሉ ያልሰማ የሚመስል፣ ግን ሁሉን የሚሰማ አጋፋሪ። ያ አጋፋሪ በ1976 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ድረስ ሄዶ የኤሚ ሽልማት አስገኘለት። ቆሞ ለሰማ ሰው ሽልማት!

ይህን ሰው ያመጣሁት ግን ስለ ሽልማቱ ብዬ አይደለም። ጃክሰን የተወለደው በ1923 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ላይ ነው። የእኛው አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም ተስፋዬ ሳህሉ፣ ደግሞ በዚያው በፈረንጆቹ ዓመት፣ ሰኔ ወር ላይ፣ ባሌ ውስጥ ተወለዱ፤ በእኛ አቆጣጠር 1915 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ስድስት ወር እንኳ የማይሞላ ልዩነት! አንዱ ግላስጎ፣ አንዱ ባሌ፣ አይተዋወቁም፣ ሁለቱም ግን አንድ ዓይነት ሙያ ይዘው መድረክ ላይም ቴሌቪዥን ላይም ቆሙ። ይህን ሳነብ ብቻዬን «እንዴ!» ብያለሁ።

አባባ ተስፋዬን ሁላችንም የምናውቃቸው ሽበታቸውን ይዘው ልጆች መካከል ሲቀመጡ ነው። ስለዚህ ሰውየው ከመጀመሪያውም አያት ሆነው የተወለዱ ይመስለናል። አይደለም! ከቴሌቪዥኑ በፊት ረጅም የመድረክ ዕድሜ አለ። አዲስ አበባ ላይ በማዘጋጃ ቤቱ የቴአትር ቡድን ሠርተዋል። ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው፣ አገሩ ርቆበት በብርድ የሚንቀጠቀጠውን ወታደር አጫውተዋል። በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ የዘውድ በዓል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው) ሲመረቅ የታየው የቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር፤ ተስፋዬ ሳህሉ ከተጫወቱባቸው ቴአትሮች አንዱ እሱ ነው። በኋላ ዘመን ደግሞ «ኦቴሎ» አለ፣ «ኤዲፐስ ንጉሥ» አለ፣ የጸጋዬ «ሀሁ በስድስት ወር» አለ። ዝርዝሩን በዚሁ ልለፈው፤ የሚገርመው ሌላ ነው።

የሚገርመው፣ ሴት ሆነው ይጫወቱ ነበር!

አትሳቁ፣ ስሙኝ። ያኔ ሴት ልጅ መድረክ ላይ ወጥታ መታየት እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ደራሲው ግን እናት ይጽፋል፣ ሙሽራ ይጽፋል፣ ሙሽራም እናትም የሌለበት ቴአትር የት አለ? ስለዚህ ወንዶቹ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላ ተከናንበው ይወጣሉ። በ1940ዎቹ ነው እነ አስናቀች ወርቁ መጥተው የሴቱን ቦታ በሴት የሞሉት፤ ያቺ በክራሯ የምታውቋት አስናቀች፣ አዎ።

አሁን ይህን አስቡልኝ። ወንድ ሆናችሁ፣ በሰው ፊት፣ ሴት ሆናችሁ መጫወት አለባችሁ። አሳዛኝ ቴአትር ነው፤ ልጅዋ የሞተባት እናት ናችሁ። የመጀመሪያው የሚመጣላችሁ ነገር ድምፅን ማቅጠን ነው፣ አይደል? ሞክሩት እስቲ። አያችሁ? ገና አፋችሁን ስትከፍቱ ሁላችንም ሳቅን። አዳራሹም ይስቃል። ልጅዋ ሞቶባት አዳራሹ ከሳቀ ደግሞ ቴአትሩ አለቀለት።

ታዲያ ምን ይደረጋል? እኔ እንደሚመስለኝ መውጫው አንድ ነው፤ ድምፁን ትቶ ሰውነቱን መያዝ። ያን ጊዜ ትልቅ ሰው ፊት የቆመች ሴት ምን ታደርጋለች? ነጠላዋን ታስተካክላለች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች። ዓይኗን ትሰብራለች። ለመናገር ትጀምርና ትተወዋለች። ይህ ሁሉ ያለ ድምፅ ነው! ነጠላውን አንዴ በዝግታ ወደ ትከሻ መመለስ ከአሥር ቀጭን ቃል ይበልጣል። እንግዲህ አንድ ወጣት ተዋናይ ገና ከጀማሪነቱ ሴት ሆኖ ሲጫወት የሚማረው ትልቁ ነገር ምን ሆነ? ዝም ብሎ መናገር። ሌላው ሲናገር በዝምታ ቦታውን መያዝ። ተመልሰን ዋዛው ላይ አልመጣንም?

አሁን ወደ ቴሌቪዥኑ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጀመረው ጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው፤ በእንግሊዙ የቶምሰን ኩባንያ እገዛ። (በቅንፍ ልንገራችሁ፤ የዚህ ኩባንያ ባለቤት ሮይ ቶምሰን የስኮትላንድን የንግድ ቴሌቪዥን የከፈተ ሰው ነው፤ እሱም በ1957፣ ግን በፈረንጆቹ 1957! ቁጥሩ አንድ፣ ዘመኑ ሌላ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም።) መጀመሪያ ላይ ሥርጭቱ ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ አያልፍም። እኛ ጋ የለም፤ አሶሳ ያን ጊዜ የራሷን ዋዛ ነው የምትሰማው። ተስፋዬ ሳህሉም በዚያው በጣቢያው መጀመሪያ ዘመን የልጆች ፕሮግራም ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላ 42 ዓመት ያህል ቀጠሉበት። አርባ ሁለት! መጀመሪያ ያዩአቸው ልጆች አድገው፣ ወልደው፣ ልጆቻቸውን አስቀምጠው አብረው አይተዋል።

እንግዲህ የመድረክ ሰው ስቱዲዮ ሲገባ ምን ይገጥመዋል? እዚህ ጋ በዝግታ እንሂድ፤ ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ድምፁ። አዳራሽ ውስጥ ከኋላ በኩል፣ ከበሩ ሥር የተቀመጠው ሰውም ከፍሏል፤ እሱም መስማት አለበት። ስለዚህ ተዋናዩ ሹክ ሲል እንኳ ጮክ ብሎ ነው ሹክ የሚለው። ስቱዲዮ ውስጥ ግን ማይክራፎኑ እዚህ አገጩ ሥር ነው። በመድረክ ድምፁ ከተናገረ ቤት ውስጥ ያለው ሕፃን ደንግጦ እናቱ ጉያ ይገባል። ድምፁ ይውረድ።

ቀጥሎ እጁና ፊቱ። አዳራሽ ላይ ግርምት ለማሳየት ሁለት እጅ ይነሣል። ቴሌቪዥን ላይ ግን ፊቱ መስኮቱን ሞልቶታል፤ ቅንድብ ትንሽ ከፍ ካለ በቂ ነው፣ ሁለት እጅ ከተነሣማ ፊቱ ራሱ ተሸፈነ።

ሦስተኛው ዓይኑ ነው፤ ይህን አሁኑኑ ልታዩት ትችላላችሁ። ስልካችሁን አውጡ፣ ለአንድ ሰው በቪዲዮ ደውሉ። ስታወሩት የት ነው የምታዩት? ስክሪኑ ላይ ያለውን ፊቱን። ለሱ ግን እናንተ ወደ ታች ያቀረቀራችሁ ነው የሚመስለው! እያየኸኝ ነው ብሎ እንዲያምን ከፈለጋችሁ ከላይ ያለችውን ትንሿን ቀዳዳ ማየት አለባችሁ፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሱን ፊት አታዩትም። ገባችሁ? ሰው እየታየሁ ነው እንዲል እሱን ማየት ትታችሁ የካሜራውን መስታወት ማየት ግዴታ ነው። አባባ ተስፋዬ ያን መስታወት ነው ለ42 ዓመት «ልጆቼ» እያሉ ያዩት። መስታወቱ አይስቅም። አያለቅስም። መልስ አይሰጥም።

አራተኛው ደግሞ ማረሚያ የለም። ያን ጊዜ እንደ ዛሬው «ቁረጠው፣ እንድገመው» የሚባል ነገር አልነበረም፤ የስቱዲዮ ዝግጅት ሲሠራ በቀጥታ ይተላለፋል። ቃል ከተሰናከለ በሁሉም ቤት ተሰናከለ። ለሌላ ሰው ይህ የሚያስፈራ ነው። ለመድረክ ሰው ግን የለመደው ኑሮው ነው፤ አዳራሽ ላይም «ይቅርታ፣ እንደገና ልግባ» አይባልም። ስለዚህ ይመስለኛል ቴሌቪዥኑ ገና ሲከፈት የቴአትር ሰዎች የተገኙበት።

አሁን ያቺን ሰከንድ እንያት። ዩቲዩብ ላይ የድሮዎቹን ቅጂዎች ክፈቱ። ይገባሉ፦ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች! የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች!» ቀጥለው ደህንነታችሁን ይጠይቃሉ። ከዚያ... ዝም። ፊታቸው ግን አልቆመም። ጭንቅላታቸው ትንሽ ዘንበል ይላል፣ ዓይናቸው እየሰማ ነው። ከዚያ ሰው እንደመለሰላቸው ሆነው ደስ ይላቸዋል፣ ይቀጥላሉ።

ምን ሆነ እዚህ ጋ? ቤት ውስጥ ያለው ልጅ «ደህና!» ብሎ ጮኸ። አባባም ሰሙት! ቢያንስ ልጁ እንደዚያ ነው የሚያምነው። ያቺ ዝምታ እጅግ አጭር ብትሆን ልጁ «ደህ—» ላይ እያለ ይቋረጣል፤ አልሰሙኝም ብሎ ያኮርፋል። ብትረዝም ደግሞ «ቴሌቪዥኑ ተበላሸ እንዴ?» ይላል። ልኩ በመካከል ነው፤ ልጁ ጥያቄውን እስኪሰማ፣ እስኪገባው፣ ትንፋሽ እስኪስብ፣ እስኪጮህ፣ ከዚያም መልሱን ከፊታቸው ላይ እስኪያነብ። ይህን ልክ ማን ነገራቸው? ስቱዲዮ ውስጥ ልጅ ባይኖር እንኳ ያቺን ሰከንድ አይስቷትም! መብራት አለ፣ ካሜራ አለ፣ ገመድ አለ፣ የካሜራ ባለሙያው አለ፣ በቃ።

እኔን ያነቃኝ ይህ ነው። አዳራሽ ውስጥ ተዋናይ ሰውን ሲያስቅ ወዲያው ቀጣዩን ቃል አይናገርም፤ ቃሉ ሳቁ ውስጥ ይሰምጥበታልና። ሳቁ ይነሣል፣ ይሞላል፣ መውረድ ይጀምራል፤ ልክ መውረድ ሲጀምር ይገባል። ተስፋዬ ሳህሉ ይህን በየምሽቱ ሲያደርጉት ኖረዋል፤ አዲስ አበባ ላይ፣ ኮሪያ ላይ፣ ቀሚስ ለብሰውም ሱሪ ለብሰውም። የሰው ሳቅ ስንት ትንፋሽ እንደሚፈጅ፣ የልጅ ድንጋጤ መቼ ወደ ሳቅ እንደሚዞር ከአዳራሹ ተምረው ጆሯቸው ውስጥ አስቀምጠውታል። ስቱዲዮ ሲገቡ አዳራሹ የለም፤ ግን ይሰማቸዋል! ወዳጆቹ ሁሉ ከኮረብታው ማዶ የሄዱበት አንድ ዋዛ ነፊ አስቡ፤ ድምፃቸው አይደርሰውም፣ እሱ ግን ብቻውን ቆሞ ተራው በደረሰ ቁጥር በልኩ ይነፋል፣ በልኩ ዝም ይላል። ማዶ ያሉትም በሱ ዝምታ ውስጥ ይገባሉ። ያ ሁሉ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ልጅ እያንዳንዱ አንዳንድ ዋዛ ይዞ ነበር ማለት ነው! አባባ ፊታቸውን ዘንበል ሲያደርጉ «ተራህ ነው» ማለታቸው ነበር።

ደግሞ ጥያቄያቸውን ልብ በሉ፤ የሚጠይቁት ማንኛውም መልስ የሚገጥመውን ነው። «ደህና ናችሁ?» ለሚለው የትኛውም ልጅ መልስ አያጣም። «ሁለትና ሦስት ስንት ነው?» ብለው ቢሆን ግማሹ ልጅ ስድስት ይላል፣ ከዚያ «ጎሽ» ቢሉት ውሸት ሆነ። ልጅ ደግሞ ውሸት ይይዛል።

ተረቱም በዚያው መንገድ ነው የሚሄደው። አያቶቻችን ራሳቸው ይህን ያውቁ ነበር፤ «ተረት ተረት» ብለው ያቆማሉ። ልጁ «የላም በረት» ሳይል ተረቱ አይጀመርም። በሩ ከልጁ ወገን ነው የሚከፈተው! እኔ ይህንን ስንት ዓመት ስሰማ ኖሬ ነገሩን በዚህ ዓይን አላየሁትም። አባባ ይህንኑ የእሳት ዳር ልማድ ይዘው ካሜራ ፊት አመጡት።

ከዚያ እንስሳቱ ይመጣሉ። አንበሳው ሲናገር ድምፁ ወፍራም ብቻ አይደለም፤ ዘገምተኛ ነው፣ የሚያቋርጠው የለማ! ጦጣዋ ትጣደፋለች፣ አንበሳው ሳያቋርጣት ለመጨረስ። እዩት፤ ማን ማንን እንደሚፈራ በቃሉ ርዝመትና በፍጥነቱ ብቻ ይታወቃል። አንበሳው ጨርሶ ጦጣዋ ከመመለሷ በፊት ደግሞ አንዲት ትንሽ ክፍተት ትኖራለች። በዚያች ክፍተት አባባ አንበሳም አይደሉም፣ ጦጣም ገና አልሆኑም፤ የምትሰማዋ ጦጣ ናቸው። ፍርሃቱ ያለው እዚያ ነው! ያ በሐምሌት ጎን የሚቆመው ስኮትላንዳዊም፣ ነጠላዋን የምትመልሰዋ እናትም፣ ይህቺ ጦጣም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ደግሞ መጀመሪያ በጥቁርና ነጭ ነበር። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀለም የመጣው በ1977 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ ለ20 ዓመት ያህል «የዛሬ አበባዎች» የተባለው ልጅ ሁሉ በግራጫ መስኮት ነው ያያቸው። ቀዩን አበባ፣ ቢጫውን ወፍ ልጁ ራሱ ነው የሚቀባው፤ እሱም ሌላ የተተወለት ቦታ ነው።

ኋላ ላይ ልጆች ስቱዲዮ እየገቡ ከጎናቸው መቀመጥ ጀመሩ፤ ተረት ይናገራሉ፣ ይዘፍናሉ። አንዳንድ ሰው የፕሮግራሙ ምርጥ ጊዜ ያ ነው ይላል። እኔ አልስማማም፤ እኔን ባዶው ስቱዲዮ ነው የሚገርመኝ። ግን ልጆቹ የገቡበትን ስታዩ አንድ ነገር ጠብቁ፦ ልጁ ተረቱ መሃል ረስቶ ሲደናበር አባባ ቶሎ አይሞሉለትም። ይጠብቁታል። ፊታቸው «ጊዜ አለን» ይላል። ልጁ ያስታውሳል፣ ይቀጥላል። ሌላ ሰው ቢሆን ገና ድሮ «እሺ፣ ጎበዝ፣ እናጨብጭብለት» ብሎ አስቀምጦት ነበር።

በኛ አካባቢ ደግሞ ይህ ነገር ሌላ ጥቅም አለው። እዚህ ክልል በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦው፣ ኮሞው አለ፤ ከወሎ በሠፈራ የመጣውም ቤተሰብ አለ። ቤቱ ውስጥ በርትኛ የሚያወራ ሕፃን የአባባን አማርኛ ግማሹን ባይይዘው እንኳ ያቺን ዝምታ ይይዛታል። ፊታቸው ዘንበል ሲል ተራው እንደሆነ ያውቃል። ዝምታ አስተርጓሚ አያሻውም።

ተስፋዬ ሳህሉ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው አረፉ። ቅጂዎቹ ግን አሉ። ዛሬ ማታ አንዱን ክፈቱና መጀመሪያ ድምፁን ዘግታችሁ እዩት፤ ያለ ድምፅም የቱ ጋ ጥያቄ እንደሆነ፣ የቱ ጋ መልስ እንደጠበቁ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ድምፁን ክፈቱና የአራት ዓመት ልጅ አጠገባችሁ አስቀምጡ። እሳቸውን ሳይሆን ልጁን እዩት።

እኔ ደግሞ አሁን ሌላ ነገር ገብቶብኛል። ወጋየሁ ንጋቱ! የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ያነበበው። እሱም የመድረክ ተዋናይ ነው፤ ፊታውራሪ መሸሻንም፣ ሰብለ ወንጌልንም፣ ጉዱ ካሣንም ብቻውን ነው የሆናቸው። ሬዲዮ ላይ ግን ፊት የለም፤ ዘንበል የሚል ጭንቅላት የለም፣ ነጠላ የለም። የምትሰማዋን ሰብለን እንዴት አድርጎ አሰማን? ትንፋሹ ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ ቃሉ ሳይመጣ በፊት ትንፋሹ ይቀየራል። ገና ነኝ፣ እያዳመጥኩ ነው። ስኒውን አቀብሉኝ።